ከወንፊቱ ወዲያ

ነሐሴ 9 ቀን 1993 ዓ.ም.
ኮቤ ወደብ፣ ከመርከብ ላይ

ለተከበሩ እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከዚህ ከውሃው ተነስቶ፣ ጂቡቲን አቋርጦ፣ ጌጃ ሰፈር ገብቶ ደጃፍዎ ካለችው ዱካ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ አላህ በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የመርከቡ ኤሌክትሪክም ደህና ነው፤ እሱ ሲታመም ነው እኔ የምታመመው።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ከኢድ እስከ ኢድ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ፣ ኮፊያ የሚያዝ ሰው የለም፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤም አብሮ ይፈታል» ብለው ነበር። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚህ ወደብ አጠገብ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ዘንድ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ አገኘሁና አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእርስዎ ገዛሁ። የሚያመጣልዎ ባፈና ይባላል፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ለፈቃድ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ቁመቱ አያስደንግጥዎ፣ የዋህ ነው።

ግራጫዋ ሳጥን ሬድዮ አይደለችም፤ ጣቢያ እንዳይፈልጉባት። የእጅ ጌም ናት። ካሴቱ ሲገባባት አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ ትወጣለች። ከፊቷ የማይታወቁ ፍጥረቶች ይመጣሉ። በግራ አውራ ጣትዎ መርከቧን ይነዳሉ፣ በቀኙ ይተኩሳሉ። ሰባት ደረጃ አላት። ሦስት ጊዜ ከተመቱ ከመጀመሪያው እንደገና ነው፤ ያቆሙበትን ቦታ የምታስታውስ ዕቃ አይደለችም። የራሷ መብራት ስለሌላት ደግሞ ፀሐይ ፊት ካልሆነ አትታይም።

«በሃምሳ ስምንት ዓመቴ!» እንዳይሉኝ። የአያቴ የአጎት ልጅ ሆነው ሳለ እንደ ወለዱኝ አድርገው ቤትዎ አኑረውኛል። ተግባረ ዕድ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት ጣትዎ ምን እንደሚችል አይቻለሁ። ይሞክሯትና ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሱፍያን


ጥቅምት 14 ቀን 1994 ዓ.ም.
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ለልጄ ለሱፍያን፣

ወዐለይኩም ሰላም። ባሕሩ ይለስልስልህ፣ ነፋሱ ይታዘዝልህ፣ የተሳፈርክበት ብረት እንደ እናት አዝሎ ያድርስህ። አሚን በል።

ባፈና መጣ። በሬ አላስገባው ብሎ ጎንበስ ሲል ግንባሩን መታው፣ እኔም ከሰላምታ በፊት ቅቤ ቀባሁት። አንተ የዋህ ነው ያልከው ልጅ አምስት እንጀራ በላ፤ ደስ አለኝ።

ሳጥኗን ሳያት ግን ሳቅኩብህ። ባሕሩ ይሄን ልጅ ጭንቅላቱን ነካው አልኩ። የባትሪ ድንጋዩን ከቶ ያበራልኝ ሰዓት ሠሪው በሱፍቃድ ነው። ጢጥ ጢጥ ማለት ስትጀምር ጎረቤቱ «እትዬ መይሙና ጫጩት ገዙ እንዴ?» አለ። በመጀመሪያው ቀን መርከቧን አንድ ደቂቃ እንኳ አላቆየኋትም። በሁለተኛው ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ምሳ መብላት ረሳሁ። ይኸው፣ የሰራኸኝን ሥራ ተመልከት!

ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ፍጥረቶች ዝም ብለው አይመጡም፣ በቁጥር ነው የሚመጡት። ሦስት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ፣ አንድ ትንፋሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ስድስት ተሰልፈው። ይሄማ ኮፊያ ነው! ኮፊያ ስጠልፍ መቼ ክሩን አያለሁ? እቆጥረዋለሁ እንጂ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጣቴ እየቆጠረ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ስምም አውጥቼላቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዝንቦች ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ዋሻው ነው፤ ትናንት እዚያ ደርሼ ሞትኩ።

ባለፈው ጁምዓ ከዙህር ሶላት በኋላ ዱካዬ ላይ እንዳለሁ አሸለበኝ። በሕልሜ መርከቧ ውስጥ ነበርኩ። ከሰፈራችን ቆርቆሮ በላይ ዝቅ ብዬ እበራለሁ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ውሃ ሆኖ ያበራል። የልደታ ማርያም ዛፎች ከሥሬ አለፉ። ፍርድ ቤቱ ደጅ የቆሙት ሰዎች ወረቀታቸውን እያውለበለቡ ሰላም አሉኝ። ማንንም አልተኮስኩም። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እኔም አልፈራሁም። ስነቃ ሳጥኗ ጭኔ ላይ ነበረች፣ ሙቀት ነበራት።

መርፌዬ ዘንድሮ ክር አልቀበል ብሎኛል። የጎረቤቴ ልጅ ፈሪዳ እየመጣች ታስገባልኛለች። የክሩ ጥራት ነው፣ የዛሬ ክር ክር አይደለም። ድንጋይ ላክልኝ፣ ሰፈር ያለው ሦስት ቀን አይቆይም።

መይሙና


ታኅሣሥ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.
ጅዳ ወደብ

ለተከበሩ እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለኢድ አደረሰዎ። ጾምዎን አላህ ይቀበልልዎ፤ የጠለፉትን ኮፊያ ያደረገ ሁሉ ሲሰግድ እርስዎን አይርሳ።

ሃያ አራት ድንጋይ በፖስታ ልኬያለሁ፣ በበሱፍቃድ ሳጥን ቁጥር ይደርስዎታል። ደብዳቤዎን ለመርከቡ ሰው ሁሉ አነበብኩት። ምግብ አብሳዩ «ዝንቦች» የምትለዋን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ። አሁን እኛም ዝንቦች ነው የምንላቸው።

እኔ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። እዚያ ሲደርሱ መላው ሰማይ ጥይት ይሆናል፤ መግቢያም መውጫም የለው። አንድም ቀን አላለፍኩትም። እርስዎ ከደረሱበት ይንገሩኝ፣ እኔ ኤሌክትሪክ እንጂ ጥልፍ አልተማርኩም።

ጠዋት ጠዋት እዚህ ባሕሩ ላይ ጭጋግ ይወርዳል። ሰማይና ውሃ አንድ ይሆኑና መርከቡ የሚሄድ አይመስልም፤ ባዶ ውስጥ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ያኔ የእርስዎን ሕልም አስባለሁ። የመርከቡን ጠርዝ ብረት ተደግፌ እቆምና፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ከሥሬ የጌጃ ሰፈር ቆርቆሮ ቢታይስ እላለሁ።

የኢድ ኮፊያ ስንት ደረሰ? አምና ሃምሳ ሁለት ጠልፌያለሁ ብለውኝ ነበር።

ሱፍያን


የካቲት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.
ልደታ

ሱፍዬ ልጄ፣

ወዐለይኩም ሰላም። የረገጥከው ሁሉ ይጽናልህ።

ድንጋዩ ደረሰ። ስድስተኛው ደረጃ ደርሻለሁ። ስሙን ወንፊት ብዬዋለሁ። እስካሁን ይጥለኛል እንጂ አልጣልኩትም፣ ግን ድምፁን እያጠናሁት ነው።

ኮፊያ አራት ብቻ ጠለፍኩ። ሰው ያለቀለት ኮፊያ ከመርካቶ መግዛት ጀምሯል።

ሳጥኗ ደብዝዛለች። ዕቃህ አሮጌ ነው፣ ምን ይደረጋል። ዱካዬን ፀሐይ ወደሚበረታበት ግድግዳ አዛውሬያለሁ፤ መንገድ ዘጋሽ ይሉኛል፣ ይበሉ። ማጉያ መነጽር ካገኘህ ላክ። ያልከው ጭጋግ እዚህም መጥቷል መሰለኝ። ጠዋት ልደታ በሙሉ ጭጋግ ውስጥ ናት። ያምራል።

መይሙና


መጋቢት 25 ቀን 1994 ዓ.ም.
ሙምባይ

ለተከበሩ እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህች ወረቀት በእጅዎ ስትገባ ፊትዎ ፈገግ ብሎ ያግኛት።

ማጉያ መነጽሩን ልኬያለሁ፤ ሰዓት ሠሪ የሚሠራበት ዓይነት ነው፣ በሱፍቃድ እንዳይነጥቅዎ። ሳጥኗ ከደበዘዘች ደግሞ በጎኗ በኩል ትንሽ ጎማ መሰል ነገር አለች፤ ወደ ላይ ሲያዞሯት ሥዕሉ ይጠቁራል። የኔዋን ፈትቼ አይቻታለሁ፤ ተመሳሳይ ዕድሜ ነው ያላቸው፣ የኔዋ ምንም አልሆነች።

እትዬ፣ በየካቲት ነው ጭጋግ ያሉኝ? አራት ዓመት ኖሬበታለሁ እኮ። በየካቲት የልደታ ፀሐይ አናት ነው የምትበሳው።

ደብዳቤዎን ደግሞ እንደገና አየሁት። ድሮ አንድ ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር ነበር የሚያሰፍሩት። አሁን ሰባት መስመር ነው፤ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። የሚደብቁኝ ነገር አለ?

ሱፍያን


ቀን፦ ሚያዝያ 24/1994 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወ/ሮ መይሙና ይማም፣ አድራሻ ልደታ ጌጃ ሰፈር
ተጠሪ፦ አቶ ሱፍያን አሊ፣ አድራሻ ባሕር ላይ

ጉዳዩ፦ ሰላምታ ማቅረብን እና መልስ መስጠትን ይመለከታል

አመልካች ለተጠሪ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1ኛ/ አመልካች በመልካም ጤንነት ላይ እገኛለሁ።

2ኛ/ ተጠሪ የላከው አንድ ማጉያ መነጽር የደረሰኝ መሆኑን አልክድም።

3ኛ/ ተጠሪ ጭጋግን አስመልክቶ ያነሳው ጥያቄ ለጉዳዩ አግባብነት የሌለው ስለሆነ ውድቅ ይደረግልኝ።

4ኛ/ ይህ ደብዳቤ በታይፕ የተጻፈው አመልካች ከዘመኑ ጋር ለመራመድ በማሰብ እንጂ በሌላ በምንም ምክንያት አይደለም።

5ኛ/ አመልካች «ወንፊት» የተባለውን ስድስተኛ ደረጃ ሚያዝያ 12 ቀን ከቀትር በኋላ ያለፍኩ ስለመሆኔ የሰው ምስክር፣ ፈሪዳ ሐሰን፣ አለችኝ።

ስለዚህ ተጠሪ አሥራ ሁለት ተጨማሪ ድንጋይ እንዲልክልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አመልካች፦ መይሙና ይማም (የጣት አሻራ)

[ከታች በእስክሪብቶ]

ወንድሜ ሱፍያን፣ ጴጥሮስ እባላለሁ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ በታይፕ የምጽፍ ሰው ነኝ። አጻጻፉን ይቅር በለኝ፣ በሌላ መልክ መጻፍ አልችልበትም።

ማመልከቻ ሲያልቅ ሕጉ የሚጠይቀው አንድ መስመር አለ፦ «ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል። እጄ ስለለመደ ልጽፈው ስል እናታችን «እሱን ተወው» አሉኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ያንን መስመር ተወው ያለኝ ሰው የለም፤ ዋሾዎቹ እንኳ ያስጽፉታል።

ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖታል። ፈሪዳ እጃቸውን ይዛ ነው ያመጣቻቸው። የቀኙ ጨርሷል፣ በግራው ጥላ ያያሉ። ሐኪም በቀዶ ጥገና ሊገፈፍ ይችላል ብሏል፣ ግን ቶሎ ነው፣ ከዘገየ አይሆንም ብሏቸዋል። እምቢ ብለዋል። እኔ መናገሬን አይወቁ።


ግንቦት 30 ቀን 1994 ዓ.ም.
ሲንጋፖር

እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ፈሪዳ፣ ይህን ስታነቢላት አንድም ቃል እንዳታልፊ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ዓይንሽ እየጠፋ ነው። አንቺ ደግሞ ድንጋይ ላክ፣ መነጽር ላክ፣ ዕቃህ አርጅቷል ትይኛለሽ። እኔም እዚህ መብራት ጠጋኝ ነኝ ብዬ ሳጥኗን እየፈታሁ እገጥማለሁ! ሁለት ወር ሙሉ የዕቃውን በሽታ ስፈልግ ነበር። አፈርኩ። ተናደድኩም።

ለምንድነው እምቢ ያልሽው? እኔ ሌላ ሰው የለኝም። ከመርከብ ስወርድ የሚጠብቀኝ ደጃፍ አንድ ነው፣ እዚያ ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ መልኬን እንድታየው እፈልጋለሁ። ፂም አውጥቻለሁ፣ ታውቂያለሽ? አታውቂም።

ከእንግዲህ መጨረሻው ላይ «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር የሌለው ደብዳቤ ከአንቺ አልቀበልም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዛሬውኑ።

ሱፍያን


ሰኔ 22 ቀን 1994 ዓ.ም.
ልደታ

ሱፍዬ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ቁጣህንም አላህ ይባርከው።

ዛሬ ጴጥሮስን «አመልካች የምትለውን ትተህ ከአፌ የወጣውን ጻፍ» ብዬዋለሁ። ላብ በላብ ሆኗል ምስኪን። አንቺ አልከኝ። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም። ፈሪዳ እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ደንግጣ ቆመች፤ እኔ ግን ድገሚው አልኳት።

እውነቱን እነግርሃለሁ። እናቴም እንደኔ ዓይኗ ሞራ ለበሰ። ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው መጣና በምላጭ እገፈዋለሁ አለ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። «አይዞሽ፣ ነገ ታያለሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ጥላ እንኳ አልለየችም። አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ያ ነው የገደለኝ። የዛሬ ሐኪም ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ጭንቅላቴን ይዞ አይዞሽ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ተነስቼ እወጣለሁ።

ይህች የቀረችኝ ጥላ ጥቂት ናት። ብሰጣትና ባትመለስስ? በሷ አንድ ነገር ልይባት ብያለሁ። ሳጥኗ መጨረሻዋ ላይ ምን አለ? ሰባተኛው ደረጃ ላይ ትልቅ ጥንዚዛ አለች፣ ከኋላዋ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሳላይ ዓይኔን ለማንም አልሰጥም። ሳቅብኝ ከፈለግክ። ሕልሜ በየቀኑ እዚያ በር ላይ ነው የሚቆመው። ቆርቆሮው ያልቃል፣ ዛፉ ያልቃል፣ በሩ ብቻ ይቀራል፣ መርከቧም ፊቱ ቆማ ትጠብቃለች። ፈሪዳ እኔ አይቼ ልንገርዎት አለችኝ። አልፈልግም አልኳት፤ በሰው ዓይን የታየ ለኔ አይሆነኝም።

አሁን ወንፊቱን ልንገርህ፣ አንተም እንድታልፍ። ሲጀምር አትተኩስ። እጅህን ሰብስበህ አድምጥ። ሦስት ጊዜ ጢጥ ሲል ወደ ግራ ሁለት ነካ አድርግ። አንድ ትንፋሽ ቁም። ወደ ቀኝ አምስት። ሁለት ትንፋሽ ቁም። ከዚያ ወደ ግራ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ በየጢጡ። ቀዳዳው ሁልጊዜ ከአጠገብህ ነው የሚከፈተው፤ የሚሞተው የሚሯሯጥ ነው። ይህን በዓይኔ አይደለም ያገኘሁት።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።

መይሙና


ነሐሴ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.
ጅዳ

ለተከበሩ እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለፈው ለተናገርኩት አፌን ይቆጡልኝ፤ ወደ «እርስዎ» ተመልሻለሁ።

ፈሪዳ ባትሰማኝ ኖሮ ስለ እናትዎ የምነግርዎ ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ግን አይዞዎት አልልዎትም። ያ ቃል ለእርስዎ ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ይልቅ ወሬ አለኝ። በቁጥርዎ ወንፊቱን አለፍኩ! ግራ ሁለት፣ ቀኝ አምስት፣ ልክ እንዳሉት። ጥንዚዛዋንም በሦስተኛው ሙከራ ጣልኳት። በሩ ሲከፈት የሠርግ የመሰለ ደማቅ ሙዚቃ ተነሳ፤ ከባፈና ጋር ተቃቅፈን ጨፈርን።

ከበሩ ወዲያ ያለውንም አየሁት። ምን እንደሆነ ግን አልነግርዎትም። አንድ ቃል እንኳ አልተነፍስም። በሰው ዓይን የታየ አይሆነኝም ብለዋል አይደል? በጥላ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በደንብ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። በደበዘዘ ዓይን እዚያ ቢደርሱ ሳያዩት ያልፍዎታል። ሐኪም ዘንድ ይሂዱና በገዛ ዓይንዎ ይዩት።

ልጅዎ ሱፍያን


ጥቅምት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.
ሙምባይ

ለተከበሩ እትዬ መይሙና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። የሁለቱ መልስ አልመጣም። መርከባችን ጥገና ገብቶ መስመር ቀይረናል፤ ምናልባት ደብዳቤዎ ጅዳ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሄደው ይሆን? ሄደውስ እንደ እናትዎ ሆኖ ይሆን? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራ ከእጄ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት ኤሌክትሪኩን ሳልቆርጥ የነካሁት ሽቦ ሊወስደኝ ነበር። ያንን ደብዳቤ ባልጻፍኩት ይሻል ነበር እላለሁ፣ ደግሞ መልሼ አይ እላለሁ። የምነግርዎ አንድ ነገር አለ፣ በወረቀት ግን አይሆንልኝም።

የከፋ ነገር ከሆነም ይንገሩኝ። ፈሪዳም ብትሆን፣ ጴጥሮስም ቢሆን፣ ሁለት ቃል ይጻፍልኝ።

ሱፍያን


ኅዳር 19 ቀን 1995 ዓ.ም.
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ለልጄ ለሱፍያን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጭንቀትህ ወደ ጥልቁ ባሕር ይግባ፣ አንተ ወደ የብስ ውጣ።

የእጄን ጽሕፈት ታውቀዋለህ? ቁጠረው፤ ገጹ ሠላሳ መስመር ነው። የጾም ወር ነው፤ ኮፊያ ጭኔ ላይ አለ፤ መርፌው ውስጥ ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክሩ ምንም አልነበረበትም፣ ምስኪን፤ ስሙን በከንቱ አጠፋሁ።

መስከረም ላይ ነው የሄድኩት። ፈሪዳ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ጭንቅላቴን የያዘ ሰው አልነበረም፣ ራሴ ነኝ ቀጥ አድርጌ የያዝኩት። ስለ እናቴ እያሰብኩ አለቀስኩ፤ «እማማ፣ እንባዎ አስቸገረኝ» አለችኝ። የግራው መጀመሪያ፣ የቀኙ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሁለቱም ዳኑ፣ አልሐምዱሊላህ! ሳይለይልኝ ምን ብዬ ልጻፍልህ? ለዚህ ነው ዝም ያልኩት፤ ስላስጨነቅኩህ ማረኝ።

ጨርቁ ሲነሳ ምን አየሁ መሰለህ? መደርደሪያዬ ላይ አንድ ጣት አቧራ። ፈሪዳ በየቀኑ እጠርገዋለሁ ስትለኝ ነበር! የጴጥሮስን ጃንጥላ ጥቁር ነው እል ነበር፤ ሰማያዊ ነው። ጠዋት ወጥቼ ልደታን ሳይ ጭጋግ የለም። ፀሐይ፣ ታክሲ፣ ሰው፣ ወረቀት። ደጃፌ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ስለ ደብዳቤህ። ጴጥሮስ ያኔ ከታች ምን እንደጨመረ አውቃለሁ። ታይፕ ይጮኻል፣ እስክሪብቶ ግን ዝም ይላል። ጽፎ ጨረስኩ ካለኝ በኋላ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ መቆየቱ ምንድነው? ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም።

የነሐሴው ደብዳቤህ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ለብቻዬ፣ ጥንዚዛዋን ጣልኳት። በጆሮዬና በቁጥር፣ እንደ ኮፊያ። በሩ ሲከፈት ሰማሁት። ከዚያ ሳጥኗ ዝም አለች፤ ጭጭ። ድንጋይ ያለቀ መስሎኝ አናወጥኳት። ወደ በሱፍቃድ ሮጬ «ሞታለች?» ስለው «አይ፣ በርታለች» አለኝ። ምን ይታይሃል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ምንም የለም። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፣ ከሕልሜ በቀር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈሪዳ «የሠርግ የመሰለ ደማቅ ሙዚቃ» ብላ አነበበችልኝ። አይ ሱፍዬ! ከበሩ ወዲያ ሙዚቃ የለም። አንተ እዚያ አልደረስክም። ወንፊቱንም ያለፍክ አይመስለኝም። እኔን መስመር ካልጻፍሽ አልቀበልም ያልክ ሰውዬ፣ የራስህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ መስመሩ ነበረ እንዴ? ፈሪዳን ሦስት ጊዜ ፈልጊው ብያታለሁ፤ አጣችው።

አልተቆጣሁህም። ተማሪ እያለህ፣ ቤት ውስጥ ምግብ ያነሰ ቀን፣ «እትዬ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ትለኝ ነበር። ሆድህ ግን ይጮህ ነበር፣ እሰማው ነበር። አንተ ለሌላ ነገር አትዋሽም። ይህ ልጅ እስከዚህ ከዋሸ ምን ያህል ፈርቶልኛል አልኩ። ያን ዕለት ማታውኑ ፈሪዳን «ቀጠሮ ያዢልኝ» አልኳት። በመዋሸትህ ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ትናንት ከዐሥር ሶላት በኋላ ሳጥኗን ይዤ ደጃፌ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝንቦቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኋቸው፤ ክንፍ አላቸው ለካ። ዋሻውን አለፍኩ። ወንፊቱን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት፤ ሳየው ጣቴ ግራ ይጋባል። ጥንዚዛዋ ወደቀች፣ በሩ ተከፈተ፣ ሳጥኗ ዝም አለች። ዓይኔን ገለጥኩ።

አየሁት። ለምን ድምፅ እንደሌለው ገባኝ፤ አንተም ስታየው ዝም ነው የምትለው።

ምን እንደሆነ ግን አልነግርህም። አንድ ቃል እንኳ አልተነፍስም። ፂምህን ይዘህ ና፤ ዱካዋን አጠገቤ አደርግልሃለሁ፤ ወንፊቱ ላይ ስንደርስ አንተ ትነካለህ፣ እኔ እቆጥርልሃለሁ።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።

መይሙና ይማም
(በገዛ እጄ)